የዘምዘም በር

አራጋው ይመር ነኝ በመታወቂያ፤
«አራጋው ነገ» ነኝ በሰኞ ገበያ።

መጀመር ደስ ይላል። መላጊያ ሲዘፍን፣
የጥዱ ፍቅፋቂ እግሬን ሲሸፍን፣
እርሳሴ ከጆሮዬ ወርዶ ሲያሰምር፣
ደሴ ውስጥ እኔን የሚያህል አናጢ የለም፣ ስጀምር።

ማለቂያው ሲቀርብ ግን እጄ ይደነዝዛል፤
እግሬ ሻይ ቤት ያምረዋል፣ አፌ ወሬ ይገዛል፤
«ሙጫው ይድረቅ» እላለሁ፣ «ዝናቡ ይለፈኝ»፣
«መጋዙ ይሞረድ»፣ «ወገቤን ቀሰፈኝ»።

ከቤቴ ብትገቡ፦
ባለሦስት እግር ወንበር ግድግዳ ተደግፎ፤
የማታ ትምህርቴ ደብተር፣ ስምንት ገጽ ተጽፎ፤
የሕፃን አልጋ፣ ለልጄ የጀመርኩት፣
ልጄ ኮምቦልቻ ሹፌር ሆኗል፣ አልጋውን ገና አልጨረስኩት።

ሕልም ግን ነበረኝ፦ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ፣
ከበላይዋ ስሜ፣ በቀይ ቀለም የሚያብረቀርቅ፤
ሰሌዳዋን ጀመርኩ፤ «አራጋ» ላይ ቀረች፤
«ው»ን እየጠበቀች ከጥግ ቆማ ኖረች።

ዘምዘም እንድሪስ ከቧንቧ ውሃ መጥታ፣
በር አዘዘችኝ፣ ቀብዱን ከመሐረብ ፈትታ።
«ለመስከረም» አልኳት። መስከረም አለፈ።
ጥር መጣ፣ ሄደ፤ ዓመቱ ታጠፈ።
ሌላ ክረምት ገባ፤ ጦሳ ጉም አፈሰ፤
በሯም ግድግዳዬ ላይ አቧራ ለበሰ።

ሰድባኝ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ፤
ዝም አለች። ዝምታዋ በዳገት አዞረኝ።

አንድ ማለዳ ግን ሰበብ አዘጋጅቼ፣
«ልኩን ልድገም» ብዬ፣ ሜትር ይዤ ወጥቼ፣
ደረስኩ። በበሩ ፈንታ ማዳበሪያ ተሰቅሏል፤
ጉሙ ሳያንኳኳ ገብቶ መደቡ ላይ ተደላድሏል፤
የማዳበሪያውን ጫፍ በድንጋይ አስረግጣ፣
ትንሿ ልጇ ቆማለች፣ ነፋሱን ልትቀጣ።

ሜትሬን ዘረጋሁ። ዘምዘም ቀና ብላ፣
«ልኩ አልተለወጠም» አለች፤ አልጨመረችም ሌላ።

ሜትሩ ተፈናጥሮ ሲጠቀለል እጄን ገረፈኝ።

ቁልቁል እየወረድኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።
ሰነፍ ነኝ እል ነበር፤ ስድቡም ተመችቶኛል፤
ሰነፍ ግን ተኝቶ ያድራል፤ እኔን በሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።
ፍርሃት ነው፣ ሌላ አይደለም። ያላለቀ ነገር፣
ጠማማ ነው ብሎ ማን ደፍሮ ይናገር?
ያላለቀ ሥራ ጎበዝ እንዳስባለ ይኖራል፤
ያለቀ ዕለት ግን የእጄን ልክ ይናገራል።

ያን ማታ አዲስ እንጨት አልነካሁም። ያንኑ አወረድኩ፤
መጋዙን፣ «ይሞረድ» ያልኩትን መጋዝ፣ ሞረድኩ።
እግሬ ሻይ አማረው፤ «ይመርህ» አልኩት፤
እጄ ደነዘዘ፤ እንደደነዘዘ አሠራሁት፤
ሦስቴ ጥዬው ወጣሁ፣ ሦስቴም ተመለስኩ፤
ለሱብሒ ሲጠራ ማጠፊያውን አስሬ ጨረስኩ።

ገጠምነው። ከታች በኩል አንድ ጣት ዘመመ፤
ሲከፈት ይጮኻል፣ ጥርሱን እንደታመመ።
ዘምዘም ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለች፤
«ጠማማ ነው» አለች። ቀሪውን ከፈለች።

ያ የፈራሁት ቃል፣ ስንት ዓመት የሸሸሁት፣
ተነገረኝ። ቆሜ፣ ሳልሞት ሰማሁት።

ልጅቷ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው፤
ጉሙ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ በቀዳዳው አየችው።

ሰኞ ገበያ ዛሬም «ነገ» ይለኛል። ይበል።
«ው» ገና አልተጻፈችም።
ለወንበሩ ትናንት አራተኛ እግር ቆረጥኩለት፤
አጠረ።
ሌላ እንጨት አለ። ዛሬ ነው የምገጥምለት።